የቴስታታ ሙቀት፣ የዘይት ግፊትና የቮልት ጌጅ፦ ሠርቶ መኪና ላይ ለመግጠም

ፋብሪካው ዳሽቦርድ ላይ ያስቀመጠው የሙቀት መርፌ ሁሉንም ነገር አይናገርም። በብዙ መኪኖች መርፌው መሃል ላይ ረግቶ እንዲቆም ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ውሃው 80 ዲግሪም ይሁን 100 ንቅንቅ አይልም። ተነሥቶ ወደ ቀዩ መስመር ሲሮጥ ለሹፌሩ የሚተርፈው ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። የባሰው ደግሞ ውሃው ራሱ ሲያልቅ ነው። የፋብሪካው ሴንሰር የሚለካው የነካውን ውሃ ነው፤ ቱቦ ፈንድቶ ወይም ራዲያተር ተሰንጥቆ ውሃው ከፈሰሰ ሴንሰሩ አየርና እንፋሎት ውስጥ ይንጠለጠላል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ሲሊንደር ሄድ) እየጋለ መርፌው ባለበት ይቆያል፣ አንዳንዴም ይወርዳል። ቴስታታ የሚጣመመው፣ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) የሚቃጠለው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለው ሰዓት ነው። የዘይት መብራቱም ከዚህ አይሻልም። የሚበራው ግፊቱ ከ0.2 እስከ 0.5 ባር አካባቢ ሲወርድ ነው፤ በፍጥነት ለሚሄድ ሞተር ይህ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን መርዶ ነው።

ስለዚህ እዚህ የሚሠራው ጌጅ የውሃውን ሳይሆን የቴስታታውን ብረት ሙቀት ይለካል፤ ውሃ ኖረም አልኖረም ብረቱ አይዋሽም። ከሱ ጋር የዘይት ግፊትንና የባትሪውን ቮልት በቁጥር ያሳያል፣ ከገደብ ሲያልፍም ይጮሃል። መኪናው የኦቢዲ መሰኪያ (የሞተሩን ኮምፒውተር ለማንበብ የተሠራ) ካለውና ስልክ ላይ የውሃ ሙቀት ማየት ብቻ ከፈለጉ ርካሽ ማንበቢያ ይበቃዎታል፤ ነገር ግን እሱም የሚያነበው ያንኑ የውሃ ሴንሰር ነው፣ የዘይት ግፊትም በአብዛኛው አይሰጥም።

በከፍታ ላይ ለሚነዳ ሰው ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። 0.9 የሚል የተጻፈበት ደህና የራዲያተር ክዳን ግፊት ስለሚይዝ መፍያውን ወደ 114 ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ወይም ስፕሪንግ ካረጀ ግን ወደ 92 እንመለሳለን፤ ይህም ብዙ ሞተር በጤናው ከሚሠራበት ሙቀት ጋር እኩል ነው። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጡ ኮፈን ከፍተው ከሚቆሙት መኪኖች አንዳንዶቹ ሌላ ችግር የለባቸውም፤ ክዳናቸው ነው። ጌጁን ከመግጠምዎ በፊት ክዳኑን ይመርምሩ፣ ከተጠራጠሩም ይቀይሩት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አንጎሉ አርዱዊኖ ናኖ የተባለ፣ ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ነው። ማሳያው 0.96 ወይም 1.3 ኢንች ኦሌድ ስክሪን ሲሆን ባለ አራት እግሩን (አይ-ቱ-ሲ የሚባለውን) ይምረጡ። ባለ 1.3 ኢንቹ ለዓይን ይሻላል፤ ግን ብዙ ጊዜ መቆጣጠሪያው ኤስኤስዲ1306 ሳይሆን ኤስኤች1106 ስለሆነ ላይብረሪውን (ስክሪኑን የሚያዘውን ዝግጁ ኮድ) በዚያ ልክ መምረጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ምስሉ ወደ ጎን ይዛነፋል ወይም ዳሩ ላይ ዝብርቅርቅ ነጥብ ይታያል።

ለሙቀት፦ 10 ኪሎ ኦም ኤንቲሲ ቴርሚስተር (ሲሞቅ ኦሙ የሚቀንስ ሴንሰር)፣ ቤታው (ኦሙ ከሙቀት ጋር የሚለወጥበት ልክ) 3950፣ በብሎን የሚታሰር የቀለበት ጫፍ ያለው፣ ቀዳዳው 6 ወይም 8 ሚሊሜትር። ሽቦው በሲሊከን ወይም በቴፍሎን የተሸፈነ ይሁን፤ ተራ ፕላስቲክ ሽፋን ቴስታታ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ለዘይት፦ ባለ ሦስት ሽቦ የግፊት ሴንሰር፣ በ5 ቮልት የሚሠራ፣ ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት የሚሰጥ፣ ልኩ እስከ 10 ባር። እስከ 150 ፒኤስአይ (ሌላ የግፊት መለኪያ) የሚለውም ያው ነው ሊባል ይችላል፤ ስሌቱ ብቻ ይለወጣል።

ለኤሌትሪኩ የሚከተሉት ያስፈልጋሉ።

- ኤልኤም 2596 የቮልት መቀነሻ ሰሌዳ
- 1 አምፔር ፊውዝ ከነቤቱ
- 1ኤን4007 ዳዮድ
- ፒ6ኬኢ27ኤ የተባለው ድንገተኛ ቮልት የሚውጥ ዳዮድ
- 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ 50 ቮልት የሚችል
- 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ 3
- ሬዚስተር፦ 1 ኪሎ ኦም 4 (አንዱ 1 በመቶ ትክክለኛነት ያለው)፣ 33 ኪሎ ኦም 1፣ 10 ኪሎ ኦም 1
- 2ኤን2222 ትራንዚስተር፣ ባለ 12 ቮልት ጩኸት (ባዘር)
- ራሱን የሚመልስ 100 ሚሊአምፔር ፊውዝ
- የመኪና ሽቦ፦ ለሴንሰር 0.5፣ ለኃይል 0.75 ካሬ ሚሊሜትር

የዘይቱ ማገናኛ ቲ (ባለ ሦስት አፍ) እና 40 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በብረት ጥልፍ የተሸፈነ የግፊት ቱቦ ለብቻው ይገዛል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ለዚህ ዓይነት ማገናኛ ሲኬድ የመኪናውን የዘይት ስዊች (የዘይት መብራቱን የሚያበራውን) ፈቶ ይዞ መሄድ ይበጃል፤ በቃል ከተነገረ ጥርሱ የማይገጥም ነገር ይዞ መመለስ ቀላል ነው።

እንደ አይሱዙ ያለ ባለ 24 ቮልት መኪና ከሆነ የተለመደው ኤልኤም 2596 አይበቃም፤ ከፍተኛ ቮልት የሚችለውን፣ ኤችቪ የተጻፈበትን ይውሰዱ። መከላከያውን ዳዮድ ፒ6ኬኢ36ኤ፣ የ33ቱን ኪሎ ኦም ሬዚስተር 100 ኪሎ፣ የካፓሲተሩን አቅም 63 ቮልት ያድርጉ። ጩኸቱም ባለ 24 መሆን አለበት።

ሰርኪዩቱን መሥራት

ከኃይሉ ይጀምሩ። ከመኪናው የሚመጣው አዎንታዊ ሽቦ በመጀመሪያ 1 አምፔር ፊውዙን፣ ቀጥሎ 1ኤን4007 ዳዮዱን ያልፋል። ከዳዮዱ በኋላ ፒ6ኬኢ27ኤው እና 470 ማይክሮፋራዱ ወደ ማሳ (አሉታዊው መስመር) ይታሰራሉ፤ የፒ6ኬኢው መስመር ያለበት ጫፍ ወደ አዎንታዊው ነው። ከዚያ ወደ ኤልኤም 2596። የቮልት መቀነሻውን ናኖው ሳይገናኝ ለብቻው አብርተው ቪቱን እያዞሩ በቴስተር 5.0 ቮልት ላይ ያቁሙ። ብዙዎቹ ሰሌዳዎች ከሱቅ ሲመጡ ከ5 በላይ ተስተካክለው ስለሚገኙ ይህን የዘለለ ሰው ናኖውን በመጀመሪያው ደቂቃ ያቃጥለዋል። የወጣው 5 ቮልት የሚገባው 5ቪ በተጻፈበት እግር ነው። ቪን በሚለው እግር 12 ቮልት በቀጥታ ማስገባት ይቻላል ቢባልም ትንሿ መቀነሻ ትግላለች፤ ዲናሞው ድንገት ጭነት ሲለቅ የሚልከውን ቮልትም አትችለውም። ናኖውን ከኮምፒውተር ጋር ሲያገናኙ ደግሞ የመኪናውን መስመር ይንቀሉ።

ቴርሚስተሩ፦ አንዱ ሽቦ ወደ ማሳ፣ ሌላው በ1 በመቶው 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ 5 ቮልት። ሁለቱ ከሚገናኙበት ነጥብ በሌላ 1 ኪሎ ኦም ወደ ናኖው ኤ0 እግር። ኤ0 ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ወደ ማሳ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነውና። ለ10 ኪሎ ኦም ቴርሚስተር 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ማጣመር የተለመደ ነው፤ ለክፍል ሙቀት ትክክል ነው፣ ለሞተር ግን አይሆንም። ቴርሚስተሩ 90 ዲግሪ ላይ 934 ኦም፣ 100 ላይ 698 ኦም ይሆናል። በ10 ኪሎ ሬዚስተር ናኖው የሚያየው ልዩነት በ10 ዲግሪ ውስጥ 20 ነጥብ ብቻ ነው፤ በ1 ኪሎ ግን 73 ነጥብ። እኛ የምንፈልገው ከ80 እስከ 120 ያለውን በጥራት ማየት ስለሆነ 1 ኪሎው ነው የሚያዋጣው። በ10 ኪሎ የተሠራ ጌጅ ላይ ቁጥሩ ያለ ምክንያት አንድ ሁለት ዲግሪ ሲዘል የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

የዘይት ሴንሰሩ፦ 5 ቮልቱ ራሱን በሚመልሰው ፊውዝ በኩል ይሂድለት፤ ሞተር ክፍል ውስጥ ሽቦው ተልጦ ማሳ ቢነካ ጌጁ በሙሉ እንዳይጠፋ ነው። ሲግናሉ በ1 ኪሎ ኦም ወደ ኤ1 ይገባል፣ 0.1 ማይክሮፋራድ ወደ ማሳ። የሽቦው ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከሴንሰሩ ጋር የመጣውን ወረቀት ይከተሉ። 12 ቮልት ከነካ ወዲያው ይበላሻል።

ቮልቱ፦ ከፊውዙ በኋላ፣ ከዳዮዱ በፊት ካለው ነጥብ 33 ኪሎ ኦም ወደ ኤ2፣ ከኤ2 ደግሞ 10 ኪሎ ኦምና 0.1 ማይክሮፋራድ ወደ ማሳ። ከዳዮዱ በኋላ ከወሰዱት 0.7 ቮልት ያህል ጎድሎ ያነባል። የስክሪኑ ሁለት የመረጃ ሽቦዎች ኤ4 እና ኤ5 ላይ ይገባሉ፣ ርዝመታቸውም ከአንድ ሜትር አይለፍ። ጩኸቱን በናኖው እግር በቀጥታ አያስነሡ፤ ዲ8 በ1 ኪሎ ኦም የትራንዚስተሩን መሃል ያዛል፣ ትራንዚስተሩ ጩኸቱን ወደ ማሳ ያገናኛል።

ስሌቱና ፕሮግራሙ

እያንዳንዱን ሴንሰር 16 ጊዜ አንብበው አማካዩን ይውሰዱ። ከዚህ በኋላ ያለው እንዲህ ነው። ነ ማለት ናኖው ያነበበው ቁጥር ነው፣ ከ0 እስከ 1023።

የቴርሚስተሩ ኦም = 1000 × ነ ÷ (1023 − ነ)። በ1000 ምትክ የሬዚስተርዎን በቴስተር የተለካ ዋጋ ያስገቡ። ከዚያ ኦሙን ለ10000 አካፍለው የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙን ይውሰዱ፣ ለ3950 ያካፍሉ፣ 1÷298.15 ይደምሩበት። የተገኘው የሙቀቱ ግልባጭ ነው፤ 1ን በሱ አካፍለው 273.15 ሲቀንሱ ዲግሪ ሴልሺየስ ይሆናል። ፕሮግራሙ ውስጥ ቁጥሮቹን ሁሉ በነጥብ፣ ለምሳሌ 1023.0 ብለው ይጻፉ፤ ያለዚያ ሙሉ ቁጥር በሙሉ ቁጥር ሲካፈል ቀሪው ይጣላል፣ ሙቀቱም በዝላይ ይሄዳል።

የዘይት ግፊት በባር = (ነ − 102) × 10 ÷ 819። ለ150 ፒኤስአይ ሴንሰር በ10 ምትክ 150 ያድርጉና ውጤቱ በፒኤስአይ ይወጣል። ቮልት = ነ × 5 ÷ 1023 × 4.3፤ ለ24 ቮልት መኪና በ4.3 ምትክ 11።

ሙቀቱና ግፊቱ የ5 ቮልቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለት አያሳስባቸውም፤ ሴንሰሩም ናኖውም ያንኑ 5 ቮልት ስለሚጠቀሙ ስሕተቱ ይጠፋፋል። ቮልቱ ግን የሚመካው በትክክለኛው 5 ላይ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ባትሪው ላይ በተለካ ቁጥር ይስተካከላል።

የተበጠሰ ሽቦ ጸጥ ብሎ እንዳይቀመጥ ማድረግ ግዴታ ነው። ሽቦ ሲበጠስ ጌጁ «ቀዝቃዛ» ብሎ የሚያሳይ ከሆነ ከፋብሪካው መርፌ የተሻለ ነገር አልሠራንም። የሙቀቱ ነ ከ1010 ካለፈ ሽቦው ተበጥሷል፣ ከ100 ከወረደ ማሳ ነክቷል። የዘይቱ ከ80 ከወረደ ወይም ከ945 ካለፈ እንዲሁ። በነዚህ ጊዜ ስክሪኑ ቁጥር ሳይሆን «ሽቦ» የሚል ጽሑፍ ያሳይ፣ ጩኸቱም ይሰማ።

የዘይት ማስጠንቀቂያ ሞተር ጠፍቶ ቁልፍ ብቻ ሲዞር መጮህ የለበትም። «ቮልቱ ከ13.2 ካለፈ ሞተሩ ተነሥቷል» ብሎ መወሰን ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቺንጋ (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ) የተበጠሰ ዕለት ቮልቱ ይወርዳል፣ የዘይት ጥበቃውም አብሮ ይጠፋል። የሚሻለው ግፊቱ አንድ ጊዜ 1 ባር ካለፈ ጥበቃው በርቶ ቁልፉ እስኪዘጋ ድረስ እንዲቆይ ነው። ከዚያ በኋላ ለ2 ሰከንድ ከ0.4 ባር በታች ከሆነ ይጮሃል።

ለሙቀቱ ደግሞ ገደቡን ከሌላ ሰው መኪና አይቅዱ። መጀመሪያ 110 ላይ አስቀምጠው ይንዱና የራስዎን ሞተር ቁጥር ይወቁ፤ ከታች እመለስበታለሁ። ጩኸቱ ከተነሣ በኋላ የሚጠፋው ከገደቡ 3 ዲግሪ ሲወርድ ይሁን፤ ያለዚያ ገደቡ ላይ ሲደርስ እየቆራረጠ ይጮሃል።

ስክሪኑ ሞተር ሲነሣ አንዳንዴ ይደርቃል። ናኖው ሲደርቅ ራሱን እንዲያስነሣ ዋችዶግ የሚባለውን ቢያበሩ ይረዳል፤ አሮጌ ቡትሎደር (ኮዱን የሚቀበል፣ ቀድሞ የተጫነ ትንሽ ፕሮግራም) ያለባቸው ናኖዎች ግን ዋችዶግ ሲነካቸው መነሣት አቅቷቸው ይዞራሉ። በአርዱዊኖው ፕሮግራም «ኦልድ ቡትሎደር» ካልተመረጠ ኮድ የማይቀበል ናኖ ከሆነ አዲሱን ቡትሎደር ይጫኑበት፣ ካልሆነ ዋችዶጉን ይተዉት።

ከመግጠም በፊት በድስት ውሃ መፈተሽ

ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ አገናኝተው ያብሩ። ቴርሚስተሩን በሚፈላ ውሃ ውስጥ የድስቱን ታችና ጎን ሳይነካ ያንጠልጥሉት። አዲስ አበባ ላይ የሚጠበቀው 92 ነው። ድሬዳዋ ላይ 96፣ ባሕር ዳር ላይ 94 ገደማ። 100 አላመጣም ብሎ ፕሮግራሙን «ማስተካከል» ጌጁን በ8 ዲግሪ ያበላሸዋል።

ስክሪኑ 82 አካባቢ ካሳየስ? ያኔ ቴርሚስተሩ 3950 ሳይሆን 3435 የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት፤ ሁለቱ በመልክ አይለዩም፣ በክፍል ሙቀትም እኩል ያነባሉ። በቴስተር ያረጋግጡ፦ 92 ዲግሪ ውስጥ 3950ው 880 ኦም፣ 3435ቱ 1208 ኦም ገደማ ያሳያል። የዚህ ስሕተት ክፋቱ ሞተሩ ከሆነበት 10 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ማሳየቱ ነው፤ ሳይፈተሽ የተገጠመ ጌጅ ከነጭራሹ ካልተገጠመ የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም አንድ ነገር፦ በቴርሚስተሩ ቀለበትና በሁለቱ ሽቦዎች መካከል በቴስተር ይለኩ። ምንም መገናኘት የለበትም። ከተገናኘ የሞተሩ ማሳ ወደ ሲግናሉ ይገባና ቁጥሩ ሁልጊዜ ይወዛወዛል።

ቴርሚስተሩን ቴስታታ ላይ ማሰር

ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን። ብዙ ቴስታታዎች ላይ ምንም ያልታሰረበት ባለ ጥርስ ቀዳዳ ይገኛል፤ ከሁሉ የሚመረጠው እሱ ነው። ከሌለ የሞተር ማንጠልጠያውን ጆሮ የያዘውን ብሎን ይጠቀሙ፣ ቀለበቱ ግን በብሎኑ ራስና በጆሮው መካከል ሳይሆን ብረቱን በተቻለ መጠን በቅርብ በሚነካበት ቦታ ይግባ። ውሃ በሚወጣበት ወገን፣ ከጭስ ማውጫው ራቅ ያለ፣ የቬንትሌተሩ ንፋስ በቀጥታ የማይመታው ቦታ ይፈለግ።

ቴስታታውን ከሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ጋር ያሰሩትን ትልልቅ ብሎኖች በፍጹም አይንኩ። ጓርኒሲዮን የያዘ ማንኛውም ብሎን ሥርም ቀለበት አይጨምሩ፤ አጠባበቁ ይለወጥና ማንጠብጠብ ይጀምራል። ቦታውን ከዝገትና ከቀለም በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፣ ካለዎት ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ስስ አድርገው ይቀቡ። ከብሎኑ 5 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ሽቦውን በፋሸታ ይያዙት፤ በንዝረት የሚበጠሰው ሁልጊዜ ከቀለበቱ አንገት ላይ ነው።

የዘይት ሴንሰሩን መግጠም

ጥንቃቄ በብዛት የሚጠይቀው ይህ ነው፤ የተሳሳተ ሥራ ዘይቱን በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ያፈሰዋል።

የጃፓን መኪኖች የዘይት ስዊች ጥርስ ብዙውን ጊዜ 1/8 ቢኤስፒቲ ነው። ገበያ ላይ ያሉት ሴንሰሮች ደግሞ በአብዛኛው 1/8 ኤንፒቲ ናቸው። ሁለቱ የተለያዩ የጥርስ ዓይነቶች ናቸው፤ ቢኤስፒቲው በአንድ ኢንች 28፣ ኤንፒቲው 27 ጥርስ አለው። ሁለት ሦስት ዙር ሰተት ብሎ ይገባና ይጠብቃል፤ ሠሪው «ገጠመ» ይላል። በኃይል ሲጨመር የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላል ወይም ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ወንዱና የፋብሪካው ስዊች የሚገባበት ሴቴ ቢኤስፒቲ፣ ወደ ሴንሰሩ ያለው ሴቴ ኤንፒቲ የሆነ ቲ ወይም መቀየሪያ ይግዙ።

1. የፋብሪካውን ስዊች ሶኬት ይንቀሉ፣ ከሥሩ ዕቃ ያስቀምጡ፣ ስዊቹን በረጅም ቡሾላ ይፍቱ። በብዙ ቶዮታ 24 ቁጥር ነው።
2. ሴንሰሩንና ቲውን ሞኖብሎኩ ላይ በቀጥታ አይደርድሩ። ያ ሁሉ ክብደት በአንድ ቀጭን የነሐስ አንገት ላይ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ይሰበራል፤ በተለይ በናፍጣ ሞተር ላይ። ሞኖብሎኩ ላይ የሚገባው የጥልፍ ቱቦው ጫፍ ብቻ ይሁን፣ ቲው ከሁለቱ ሴንሰሮች ጋር በቦዲው ላይ በቅንፍ ይታሰር።
3. የፋብሪካው ስዊች አይጣል። መብራቱ ሁለተኛ ዘብ ሆኖ ይቆይ። ባለ አንድ ሽቦ ስዊች ማሳውን የሚያገኘው በጥርሱ ስለሆነ ቴፍሎን ከልክ በላይ ከተጠቀለለበት መብራቱ ጭራሽ አይበራም፤ ሁለት ዙር ይበቃዋል፣ የፊተኛው ጥርስ ሳይሸፈን። ቅንፉም ቀለም የሌለበት ብረት ላይ ይታሰር። ሲጨርሱ ቁልፉን አዙረው የዘይት መብራቱ መብራቱን ይዩ።
4. አጠባበቅ፦ በእጅ ከጠበቀ በኋላ በቁልፍ አንድ ተኩል ዙር ያህል። ወደ 15 ኒውተን ሜትር ማለት ነው።
5. ቱቦው ከጭስ ማውጫ፣ ከቺንጋና ከሚዞር ነገር ሁሉ ይራቅ፣ ሞተሩ ሲወዛወዝ እንዳይወጠር ትንሽ ላላ ይበል።

ሞተሩን አስነሥተው ሳይረግጡ ለ5 ደቂቃ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በባትሪ መብራት ይመርምሩ። ላብ የሚመስል እርጥበት እንኳ ካለ ያጥፉና እንደገና ይሥሩት። በማግሥቱ ደግመው ይመልከቱ።

ሽቦና ሣጥን

ናኖው ካቢን ውስጥ ይቀመጥ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ አይቆይም። ሽቦዎቹ ሞተሩን ከካቢን በሚለየው ቆርቆሮ ላይ ባለው የፋብሪካው ጎማ በኩል ይለፉ፤ አዲስ ቀዳዳ ከበሱ ጎማ ያልብሱት፣ ስለታም ቆርቆሮ በጊዜ ብዛት ማንኛውንም ሽፋን ይቆርጣል። ከካንዴላ ገመድ፣ ከኮይልና ከዲናሞ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይራቁ።

የሁለቱም ሴንሰሮች የማሳ ሽቦ ተመልሶ ወደ ናኖው ማሳ ይምጣ። ቅርብ ነው ተብሎ ሞተሩ ወይም ቦዲው ላይ ከታሰረ የፊት መብራትና የቬንትሌተር ጅረት በቦዲው ሲያልፍ የሚፈጥረው ትንሽ ቮልት ከሲግናሉ ጋር ይደመራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ መብራት ሲበራ ሙቀቱ ወይም ግፊቱ ይለወጣል።

ኃይሉ ከፊውዝ ሣጥኑ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚያገኝ፣ ሞተር በሚነሣበት ቅጽበትም ከማይጠፋ መስመር ይወሰድ። የሬዲዮው መስመር ብዙ ጊዜ ሞተሪኖ ሲዞር ስለሚቋረጥ አይመረጥም። ስክሪኑ ኤርባግ በሚከፈትበት ቦታ ላይ አይለጠፍ፤ በቀጥታ ፀሐይ የሚመታውም ቦታ ቁጥሩን ያደበዝዘዋል። ከመሪው አምድ በስተጎን ወይም በፊተኛው የበር ምሰሶ ላይ ይስማማል።

መንገድ ላይ ቁጥሩን ማወቅ

ቁልፉ ዞሮ ሞተር ሳይነሣ ዘይቱ 0 ማሳየት አለበት፤ 0.1 ወይም 0.2 ካሳየ በ102 ምትክ በወቅቱ የተነበበውን ቁጥር ያስገቡ። ሞተሩ ሲነሣ ቮልቱ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ዘይቱ ሞተር ቀዝቃዛ ሲሆን ከፍ ይላል፣ ሲሞቅ ይወርዳል፤ በብዙ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቢያንስ 0.3 ባር፣ በ3000 ዙር ከ2.5 እስከ 5 ባር ነው የሚጠበቀው። ሞቆ በሚኒሞ ያለው ቁጥር በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ከወረደ ብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ተሸካሚ ብረት)፣ የዘይት ፓምፕ ወይም የዘይቱ ቅጥነት ይመረመር።

ለሙቀቱ መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ቀጥሎ ከባድ ጭነት ይዞ ረጅም አቀበት ላይ ይንዱና ከፍተኛውን ቁጥር ይመዝግቡ። ገደቡ ከዚያ ቁጥር 10 እስከ 12 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የቴስታታው ብረትና ውሃው ሁልጊዜ እኩል ስላልሆኑ ከውሃ ሙቀት ጋር ለማስተካከል መታገል አያስፈልግም፤ ቁም ነገሩ ከጤናማው ቁጥር ምን ያህል እንደራቀ ነው።

ሲጮህ

ዘይቱ ከሆነ ወዲያው ጥግ ይያዙና ያጥፉ፤ አንድ ደቂቃ ብቻ ልንዳ ማለት ብሮንዚና መግዛት ነው።

ሙቀቱ ከሆነ ቮልቱንም ይዩት። ሙቀቱ ሲወጣ ቮልቱ ከ13 በታች ከወረደ ቺንጋው ተበጥሷል፤ በብዙ ሞተሮች ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነውና ቆመው ያጥፉ። የእርስዎ ጌጅ እየወጣ የፋብሪካው መርፌ ካልተነቃነቀ ወይም ከወረደ ውሃው ሄዷል፤ አሁንም ቆመው ያጥፉ። ቮልቱ ደህና ሆኖ፣ የፋብሪካው መርፌም አብሮ ወደ ላይ እየሄደ፣ በዝግታ ብቻ ከገደቡ ካለፈ ግን ነዳጁን ያላሉ፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ ኤሲ ያጥፉ፣ የካቢኑን ማሞቂያ በሙሉ ሙቀትና በሙሉ ንፋስ ይክፈቱ። በአንድ ሁለት ደቂቃ መውረድ ካልጀመረ ይቁሙ።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ቁልፉን አዙረው ጌጁን ብቻ እያዩ ይጠብቁ። ቁጥሩ ከ60 ሳይወርድ የራዲያተሩን ክዳን አይክፈቱ። ሲከፍቱም ወፍራም ጨርቅ አልብሰው እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ያዙሩት፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ውሃ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ፣ ቀስ በቀስ ነው፤ በጋለ ቴስታታ ላይ የፈሰሰ ቀዝቃዛ ውሃ ብረቱን ይሰነጥቀዋል።